ቀውስ የበጀት ሕግን አይሽርም

(የፓርቲያችን ዋና ጸሐፊ ከከተማ መራጮች ጋር በተደረገ የውይይት መድረክ ላይ ያሰሙት ንግግር)





ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በምርጫ ቅስቀሳ ላይ እምብዛም የማይነገር ነው። ስለ መሬት፣ ስለ መኖሪያ ቤትና ስለ ሥራ አጥነት ያለንን አቋም በማኒፌስቷችን ሌሎች ክፍሎች አስቀምጠናል። እዚህ ላይ የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። መንግሥት በፖለቲካ ቀውስ ሲናጥ የሕዝብን ገንዘብ የሚጠብቀው ማነው?

መልሳችን አጭር ነው፤ ሕግ። መንግሥት ሊዳከም ይችላል። ጠቅላይ ሚኒስትር ሥልጣን ሊለቅ፣ ገዥ ፓርቲ ሊሰነጠቅ፣ አገርም ወደ ጦርነት ልትገባ ትችላለች። የበጀት ሕግ ግን አብሮ መውደቅ የለበትም። ቢወድቅ ፍርስራሹ የሚያርፈው በደመወዝተኛው፣ በጡረተኛውና በባለሱቁ ላይ ነውና።

ቀውስ ለምን ወደ ካዝና ያመራል?

ሥልጣኑ የተነቃነቀበት መንግሥት፣ ማንም ይሁን ማን፣ በሦስት ነገሮች ይለወጣል።

አንደኛ፣ ዓመታትን መቁጠር ትቶ ወራትን መቁጠር ይጀምራል። ዛሬ የሚበደረውን ነገ የሚከፍለው ሌላ መሆኑን ያውቃል። አበው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ያሉት ስለ ግለሰብ ሹም ቢሆንም፣ መውደቁን ለሚጠረጥር መንግሥትም ይሠራል።

ሁለተኛ፣ ያጣውን ድጋፍ በገንዘብ ለመግዛት ይፈተናል። በጥናት ያልተደገፈ ፕሮጀክት ይመረቃል፤ ምንጩ ያልታወቀ ድጎማ ይታወጃል፤ ለታማኞች ሲባል መዋቅር ይለጠጣል።

ሦስተኛ፣ ጠያቂ እንደ ጠላት መታየት ይጀምራል። ኦዲተር ይፈራል፣ የምክር ቤት አባል ዝም ይላል፣ ጋዜጠኛ ይታሰራል። የሕዝብ ገንዘብ በጣም የሚወጣበት ጊዜና የሕዝብ ዓይን በጣም የሚጨፈንበት ጊዜ አንድ ይሆናል። የችግሩ ሥር ይህ ነው።

ከራሳችን ታሪክ ምን እንማራለን?

ይህን የምንለው ከመጽሐፍ አንብበን ብቻ አይደለም። በአገራችን ደጋግሞ የደረሰ ነው።

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት የጦርነቱ ወጪ የበጀቱን ከፍተኛ ድርሻ ይወስድ ነበር። ጉድለቱም በአብዛኛው ከአገር ውስጥ ባንክ በሚገኝ ብድር ይሸፈን ነበር። በወረቀት ላይ አንድ ዶላር 2 ብር ከ07 ሳንቲም እንደሆነ ቀጠለ። ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ፣ በመስከረም 1985 ዓ.ም. የዶላር ዋጋ በአንድ ጊዜ ወደ 5 ብር ወጣ። ደርግ ያከማቸውን ሒሳብ የከፈለው ደርግ አልነበረም።

የ2009 ዓ.ም. ክረምትም በከተሞቻችን አይረሳም። ለሁለት ዓመት ገደማ የዘለቀ ሕዝባዊ ተቃውሞ አገሪቱን አናግቶ፣ በመስከረም 2009 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ገና በሥራ ላይ ነበር። በዚያው ወቅት በደረጃ «ሐ» በተመደቡ አነስተኛ ነጋዴዎች ላይ «የቀን ገቢ ግምት» የሚባለው መጣ። ገማቾች ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ ባለሻይ ቤቱን፣ ባለፀጉር ቤቱን፣ ባለጉልቱን በቀን ይህን ያህል ታስገባለህ፣ ታስገቢያለሽ አሏቸው። ብዙዎች ግምቱን ሲያዩ ደነገጡ፤ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ። ግብር መክፈል የዜግነት ግዴታ መሆኑን ፓርቲያችን በጽኑ ያምናል። ነገር ግን መንግሥትና ሕዝብ መተማመን ባጡበት ሰዓት፣ አቤቱታ በአግባቡ ሳይሰማ የሚጫን ግብር ከሚያስገባው ገቢ ይልቅ የሚያስነሳው ቁጣ ይበልጣል። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በጥቅምት 2010 የብር ዋጋ በ15 በመቶ ተቀነሰ፤ በየካቲት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ ጠየቁ። የፖለቲካው ቀውስና የገንዘቡ ቀውስ ተያይዘው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ደግሞ ሁላችሁም በኑሯችሁ ታውቁታላችሁ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰሜን የአገራችን ክፍል ጦርነት ተጀመረ። ለ2014 የበጀት ዓመት 561 ቢሊዮን ብር ገደማ ጸድቆ ሳለ፣ በዓመቱ አጋማሽ 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት አስፈለገ፤ ከዚህ ውስጥ 90 ቢሊዮኑ ለመከላከያ ነበር። በዚያው የበጀት ዓመት አማካዩ የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ሆነ። በጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት የጦርነቱ ተኩስ ቆመ፤ ሒሳቡ ግን አልቆመም። በ2007 ዓ.ም. በዓለም ገበያ በ10 ዓመት የተሸጠው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ በታኅሣሥ 2016 ሳይከፈል ቀረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የ2017 በጀት 971 ቢሊዮን ብር ሆኖ ከጸደቀ ከአምስት ወር በኋላ 582 ቢሊዮን ብር ተጨመረበት። ይህ ከዋናው በጀት 60 በመቶ ገደማ ነው። በአምስት ወር ውስጥ በዚህ መጠን የሚለወጥ በጀት ላይ ነጋዴም ሆነ ቤተሰብ ዕቅድ ሊያወጣ አይችልም።

የችግሩ ሁሉ መነሻ ጦርነቱ ብቻ ነው አንልም። የኮሮና ወረርሽኝ ነበር፣ ድርቅ ነበር፣ ከዚያ በፊት የተከማቸ የመንግሥት ልማት ድርጅቶች ዕዳም ነበር። የእኛ ክስ ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ሲመጣ የሕዝብን ገንዘብ የሚጠብቁት ተቋማት ሊያስቆሙ ቀርቶ በወቅቱ ሊያስጠነቅቁ አልቻሉም።

ገንዘቡ የሚወጣባቸው ሦስት በሮች

በቀውስ ጊዜ ገንዘብ በፓርላማ በር ብቻ አይወጣም። ሌሎች ሦስት በሮች አሉ።

የመጀመሪያው በር ብሔራዊ ባንክ ነው። መንግሥት ከማዕከላዊ ባንክ በቀጥታ ሲበደር ገበያ ውስጥ የገባ አንድ ኩንታል ጤፍ የለም፤ የጨመረው ብሩ ብቻ ነው። ጤፉ ያው፣ ዘይቱ ያው፣ ብሩ ግን በዝቷል። ስለዚህ ዋጋ ይወጣል። ይህ ምክር ቤት ያላጸደቀው፣ ደረሰኝ የሌለው ግብር ነው። ከሀብታሙ ይልቅ ድሀውን ይመታል፤ ሀብታሙ ገንዘቡን ወደ ቤትና ወደ መሬት ይለውጣል፣ ደመወዝተኛው ግን ወር ጠብቆ የሚቀበለው ያንኑ ብር ነው። ብሔራዊ ባንክ ራሱ በነሐሴ 2015 ለመንግሥት የሚሰጠው ቀጥታ ብድር ካለፈው ዓመት ከአንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ መወሰኑ፣ በሩ ምን ያህል ተከፍቶ እንደነበር ከማንም ክርክር በላይ ያስረዳል።

ሁለተኛው በር እናንተ በባንክ ያስቀመጣችሁት ገንዘብ ነው። በ2003 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ የሚሆን የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ተገደዱ፤ ወለዱም በመጀመሪያ 3 በመቶ ብቻ ነበር። ይህ መመሪያ በ2012 ተነሳ። በ2015 ደግሞ ባንኮች ከአዲስ ብድራቸው 20 በመቶ የሚሆን የአምስት ዓመት የግምጃ ቤት ቦንድ እንዲገዙ የሚያስገድድ ሌላ መመሪያ መጣ። ውጤቱን ብድር ለመጠየቅ ባንክ የሄደ ነጋዴ ያውቀዋል። መንግሥት ከወረፋው ፊት ስለቆመ «ገንዘብ የለም» ተብሎ ይመለስ ነበር።

ሦስተኛው በር ያልተከፈለ ሒሳብ ነው። መንግሥት ሥራ አሠርቶ ክፍያውን ሲያሳድር በመዝገብ ላይ ብድር አይባልም። ነገር ግን ተቋራጩ ለብሎኬት አምራቹ፣ ብሎኬት አምራቹ ለቀን ሠራተኛው አይከፍልም። ሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ የቆመው የዕለት ጉርሱን የሚጠብቀው ሰው ነው።

የሌላው አገር ዕዳ የእኛንም ቤት ይነካል

ሊባኖስ በፖለቲከኞቿ አለመስማማት ምክንያት ከ1998 እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ ለአሥራ ሁለት ዓመታት ያህል በምክር ቤት የጸደቀ ዓመታዊ በጀት አልነበራትም። መንግሥት ገንዘብ ማውጣቱን አላቆመም፤ የቆመው ቁጥጥሩ ነው። ለዓመታት በ1,507 ሊራ ታስሮ የኖረው የዶላር ምንዛሪ ተናጋ፤ በመጋቢት 2012 አገሪቱ የውጭ ዕዳዋን መክፈል አቃታት፤ ባንኮች ለአስቀማጮቻቸው ዶላር ከለከሉ። በዚያ ክረምት መግቢያ፣ ደመወዝ መክፈል ያልቻሉ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን ቤሩት በሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ ላይ ጥለዋቸው እንደሄዱ አይተናል። በሊባኖስ ፓርላማ ያልጸደቀ በጀት በመጨረሻ የተከፈለው ከእኛው እህቶች ጉልበት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ወገኖቻችን፣ ሕገ መንግሥታችን በዚህ ላይ ዝም አላለም። በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 11 መሠረት የፌዴራል መንግሥቱን በጀት የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። በአንቀጽ 77 የሚኒስትሮች ምክር ቤት በጀቱን ያዘጋጃል፣ ሲጸድቅም ያስፈጽማል። በአንቀጽ 101 ዋናው ኦዲተር ወጪው በተፈቀደው መሠረት መዋሉን መርምሮ ለምክር ቤቱ ሪፖርት ያቀርባል።

ስለ አስቸኳይ ጊዜ የሚደነግገው አንቀጽ 93 አንዳንድ መብቶችን ለማገድ ይፈቅዳል። በጀት የማጽደቅ ሥልጣንን ግን ከምክር ቤቱ ወስዶ ለሚኒስትሮች አልሰጠም። በአስቸኳይ ጊዜ ስም ከበጀት ውጭ ማውጣት ሕገ መንግሥታዊ መሠረት የለውም።

ክፍተት ያለው አንቀጽ 60 ላይ ነው። ምክር ቤቱ ሲበተን እስከ አዲሱ ምርጫ የሚቆየው መንግሥት የዕለት ተዕለት ሥራ ከማከናወንና ምርጫ ከማካሄድ በቀር አዲስ አዋጆችን፣ ደንቦችንና ድንጋጌዎችን ማውጣት ወይም ነባር ሕጎችን መሻርና ማሻሻል እንደማይችል ንዑስ አንቀጽ 5 ይናገራል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ካዝና ለማራቆት አዋጅ አያስፈልግም። ከአገር ውስጥ ባንክ መበደር፣ ትልቅ የግንባታ ውል መፈረም፣ በጅምላ መቅጠር፣ የመንግሥት ንብረት መሸጥ በአስተዳደር ውሳኔ ብቻ ሊፈጸም ይችላል። ፓርቲያችን ይህን በር በሕግ ለመዝጋት ይታገላል።

ቃል የምንገባው

በምርጫው ድምፃችሁን ብትሰጡንም፣ በተቃዋሚ ወንበር ብንቀመጥም የሚከተሉትን አቋሞች ይዘን እንሠራለን።

1. ተሰናባች ወይም ጊዜያዊ መንግሥት አዲስ የረዥም ጊዜ ዕዳ፣ ትልቅ ውልና የንብረት ሽያጭ እንዳይፈጽም የሚከለክል ዝርዝር አዋጅ እናቀርባለን።

2. መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ የሚወስደው ብድር ጣሪያ በቀውስ ጊዜም እንዳይላላ፣ መጠኑም በየሦስት ወሩ ለምክር ቤቱ ቀርቦ ለሕዝብ እንዲታተም እናደርጋለን። ይህ ገደብ መከበር ያለበት የውጭ አበዳሪ ስለጠየቀ ሳይሆን የሕዝቡ ኑሮ ስለሆነ ነው።

3. ማንኛውም ተጨማሪ በጀት ሦስት ነገሮችን አያይዞ ይቀርባል፤ የገንዘቡን ምንጭ፣ የሚያበቃበትን ጊዜና የሚቀነሰውን ሌላ ወጪ። በአንድ ቀን ቀርቦ በአንድ ቀን የሚጸድቅ ተጨማሪ በጀት አንቀበልም።

4. የጦርነትና የአደጋ ጊዜ ወጪ በተለየ መዝገብ ይያዛል። ለደኅንነት ሲባል በይፋ ሊነገር የማይችለው እንኳ ቃለ መሐላ በፈጸመ፣ ተቃዋሚዎችም ባሉበት የምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ይመረመራል።

5. የመምህር፣ የነርስ፣ የወረዳ ሠራተኛ ደመወዝና የጡረታ አበል የፖለቲካ መያዣ አይሆንም። በ2013 መጀመሪያ የፌዴራል መንግሥትና የትግራይ ክልል አመራር ግንኙነት ሲቋረጥ የድጎማ በጀት የክርክሩ አካል ሆነ፤ በጦርነቱም የክልሉ ሠራተኞች ለብዙ ወራት ያለደመወዝ ቆዩ። ጥፋቱ የማንም ይሁን፣ ቅጣቱ ለመምህሩ ሊሆን አይገባም ነበር።

6. የዋናው ኦዲተር ግኝት መልስ የሚሰጥበት ቀነ ገደብ ይኖረዋል። መልስ ያልሰጠ መሥሪያ ቤት ኃላፊ በምክር ቤቱ ፊት በአካል ቀርቦ ያስረዳል።

7. በአነስተኛ ነጋዴ ላይ የሚጣል የግብር ግምት ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ነጻ የይግባኝ አካል ይደራጃል።

የማንገባው ቃል

ክቡራትና ክቡራን፣ አንዳንዶቻችሁ «ዳቦ በስንት ልትሸጡልን ነው? ደመወዝ በስንት እጥፍ ልትጨምሩ ነው?» ትሉን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ምንጩን ሳንነግራችሁ ቁጥር ብንጠራ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆንባችኋል። በታተመ ብር የተከፈለ የደመወዝ ጭማሪ ከወር በኋላ በገበያ ተመልሶ ይወሰዳል። ስለዚህ ድጎማ ስንል ከየትኛው ወጪ ቀንሰን እንደሆነ፣ ጭማሪ ስንል ከየትኛው ገቢ እንደሆነ በማኒፌስቷችን የበጀት ክፍል አስቀምጠናል። ምንጭ ያላገኘንለትን አልጻፍንም።

ሌሎች ደግሞ «አገር ስትወረር ወይም ስትታመስ ስለ ቁጠባ ማውራት ቅንጦት ነው» ይላሉ። ጦርነት ያለወጪ እንደማይመከት እናውቃለን። የምንለው አታውጡ አይደለም፤ በሕግ አውጡ፣ መዝግቡ፣ ለምክር ቤቱ አስረዱ ነው። ሒሳቧን የምታውቅ አገር ከማታውቀው ይልቅ ረዥም ጊዜ ትቆማለች።

በመጨረሻም ለራሳችን ለተቃዋሚዎች የምንናገረው አለ። መንግሥት በገንዘብ ሲቸገር እሰይ የሚል ተቃዋሚ አለ። ካዝናው ቢራቆት ገዥው ቶሎ ይወድቃል ብሎ ያስባል። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በተፈጠረው ቀውስ ለጋሽ አገሮች በቀጥታ ለመንግሥት በጀት ይሰጡ የነበረውን ድጋፍ አቋርጠው ነበር፤ በ1998 ግን ለትምህርት፣ ለጤናና ለውኃ የሚውለው ገንዘብ ወደ ወረዳዎች የሚደርስበት ሌላ ፕሮግራም ተቀረጸ። በዚያን ጊዜ የነበረው የፖለቲካ ክርክር ምንም ይሁን፣ ትምህርቱ ግልጽ ነው። መንግሥትን መቃወምና የጤና ጣቢያውን መድኃኒት ማስቀረት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል» ይባላል። እኛ ለመላስ አልተሰለፍንም። በምክር ቤት የፖለቲካ አመኔታን ልንነፍገው የምንችለውን መንግሥት እንኳ የነርሷን ደመወዝ እንዳይከፍል አናግደውም። ነገ የምንረከበው ካዝና የእናንተው ነውና።

የተከበራችሁ መራጮች፣

በምርጫው ዕለት የምትሰጡት ድምፅ ማን ይግዛ የሚለውን ብቻ የሚወስን አይደለም። የሚገዛው ሲቸገር በምን ሕግ እንደሚያዝም ይወስናል። በደኅና ቀን ሁሉም ቆጣቢ ነኝ ይላል፤ ፓርቲ የሚፈተነው በክፉ ቀን ነው። ለሌሎች ፓርቲዎችም ይህንኑ ጥያቄ አቅርቡላቸው። ሥልጣናችሁ ሲነቃነቅ የእኛን ገንዘብ ምን ታደርጉታላችሁ በሏቸው። መልሳቸውን ከእኛ መልስ ጋር አስተያዩና በነጻ ኅሊናችሁ ፍረዱ።

የሕዝብ ገንዘብ በሕዝብ ሕግ ይጠበቅ!